ልጃችን መከላከያ ፋብሪካ ልትገባ ነው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

 

በየዓመቱ በዚህ ሰዓት የምናቀርበው የቁጠባውንና የብድሩን ሪፖርት ነው። ዘንድሮም ሪፖርቱ ተዘጋጅቶ በእጃችሁ ይገኛል፤ ገንዘብ ያዧ ከምሳ በኋላ ታብራራዋለች። ከዚያ በፊት ግን ለወራት በየቡናው ስንነጋገርበት የቆየ አንድ ጉዳይ አለ። ኮሚቴው ጉዳዩ ከሹክሹክታ ወጥቶ በጉባኤ ፊት ይነገር ብሎ ወስኗል። ጉዳዩ የተማሩ ልጆቻችን፣ በተለይም ኢንጂነር የሆኑት፣ ከነበሩበት ሥራ ወጥተው ወደ መከላከያ ፋብሪካዎች መግባታቸው ነው።

ነገሩ የተነሣው ከእኛው መካከል ነው። ከመሥራች አባሎቻችን አንዷ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ስታስገባ ላፕቶፕ የገዛችላት ከዚህ ማኅበር በተበደረችው ገንዘብ ነበር። ዋስ የሆንናት እኛ ነን። ልጅቱ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማረች። የተመረቀች ዕለት እናቷ ቤት ተሰብስበን የጨፈርነውን ታስታውሳላችሁ። ከዚያም አንድ የልብስ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ተቀጠረች። ስፌት መኪናው ሲቆም፣ ቦይለሩ ሲያስቸግር፣ የአየር መጭመቂያው ሲበላሽ የምትጠራው እሷ ነበረች። ከደመወዟ እየቆረጠች ብድሩን መክፈል ጀመረች።

ያኔ የልብስ ፋብሪካ ትልቅ ተስፋ ነበር። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የደብረ ብርሃኑ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ተመርቀው ልጆቻችን ከታች በኮምቦልቻ፣ ከላይ በደብረ ብርሃን ሥራ ያገኛሉ ብለን ነበር። ጦርነቱ መጣ። አሜሪካ በጦርነቱ ሳቢያ ደርሷል ያለችውን የሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት አድርጋ፣ የአገራችን ልብስ ያለቀረጥ የሚገባበትን አጎዋ የተባለውን ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዘጋችው። ከሁለት ወር በፊት ኮምቦልቻ ራሷ በጦርነቱ ውስጥ ገብታ ነበር። ትእዛዝ ቀነሰ፣ አንዳንዱ ፋብሪካ ተዘጋ፣ አንዳንዱ ሠራተኛ ቀነሰ። የእኛም ልጅ ውሏ አልታደሰላትም። ሻንጣዋን ይዛ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዳ እናቷ ቤት ገባች። ኢንጂነሯ ከእናቷ ጋር ሽንኩርት እየለቀመች ገበያ መዋል ጀመረች።

አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ደወለላት። አንድ የመከላከያ ፋብሪካ ሜካኒካል ኢንጂነር ይፈልጋል፤ መኖሪያ አለ፣ ሰርቪስ አለ፣ ደመወዙም ልብስ ፋብሪካ ከምታገኘው ይበልጣል አላት። እናቷ ወሬውን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረችን ሐሙስ ቀን ቡና ላይ ነው። ሲኒውን ይዛ፣ «እህቶቼ፣ ልጄ ልትሄድ ነው። ምርቃት ልስጣት ወይስ ልከልክላት?» አለችን።

እዚህ ላይ እንግዶቻችን አንድ ነገር እንዲረዱልን እንፈልጋለን። እዚህ ይፋት ውስጥ መሣሪያ የሚባለው ነገር የወሬ ጉዳይ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል ጢሱን ሸሽተው የመጡትን ያስተናገድነው እኛ ነን። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ልጅ አዝለን የወጣነው፣ ተመልሰን የተዘረፈ ቤት ያገኘነው እኛ ነን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ልጅ ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ በር በር ስናይ ነው የምንኖረው። ስለዚህ የእናትየው ጥያቄ እንደ ማንኛውም የቅጥር ወሬ «እንኳን ደስ አለሽ» ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም።

ቡናው ላይ የተባለውን እንዳለ እንንገራችሁ። አንዷ እህታችን፣ «እኔ ያንን ድምፅ ሰምቻለሁ። ልጅ አዝዬ ስሮጥ ከኋላዬ የሚፈነዳውን ሰምቻለሁ። ይቺ ልጅ በእጄ ያደገች ናት፤ በእጇ ያንን ስትሠራ ማየት አልችልም» አለች። ዝም አልን።

ቀጥላ የተናገረችው ልጇ ወታደር የሆነባት እትዬ ናት። «የእኔ ልጅ ወዶም ይሁን ተገድዶ ምሽግ ውስጥ ነው። በእጁ የያዘው ነገር በደንብ ካልተሠራ የሚሞተው እሱ ነው። ያቺ ልጅ አትሥራ ስትሉ የማይችል ሰው ይሥራው ማለታችሁ ነው? የእኔንስ ልጅ ምን አድርጉት ትላላችሁ?» አለች። ለዚህም መልስ አላገኘንም።

ሦስተኛዋ፣ ከሁላችንም ድሃ የሆነችው፣ «ብድሩስ? ዋሶቹ እኮ እናንተ ናችሁ» ብላ ሁላችንንም አሳፈረችን።

እኛ ኮሚቴዎቹ ያን ዕለት አልፈረድንም። በምትኩ እንጠይቅ፣ እንማር ተባባልን። ከመምህራን ጠየቅን፣ ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ጠየቅን፣ በፋብሪካ የሠሩ ልጆችን ጠየቅን፣ ማንበብ የምንችለውን አነበብን። የተረዳነውን ባጭሩ እናካፍላችሁ።

መጀመሪያ የተረዳነው ነገሩ አዲስ አለመሆኑን ነው። በየመንደራችን የነበረውን ቀጥቃጭ አስታውሱ። በአንድ ወናፍ አናፍቶ፣ በአንድ መዶሻ ቀጥቅጦ ጠዋት ማረሻ፣ ከሰዓት የጦር ጫፍ ያወጣ ነበር። ብረቱ አይለይም፣ እሳቱም አይለይም። የሚለየው ደጁ ላይ የቆመው ደንበኛ ነው። ሰላም ሲሆን ገበሬ ይቆማል፣ ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ ዘማች። ከዚህ ጋር ሌላም ነገር እናስታውስ። ያንን ባለሙያ በእጁ ሥራ ስንጠቀም ኖረን በስም ስንሰድበው የኖርን ሰዎች ነን። ማረሻውን እንወስዳለን፣ ሰውየውን ግን ማዕድ አናቀርበውም ነበር።

ሁለተኛው የጋፋት ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሰፈሯቸው አውሮፓውያን ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ፣ የእጅ ሙያም ያላቸው ሚስዮናውያንና ባልደረቦቻቸው ነበሩ። ዋልድማየርና ሳልሙለር ከእነሱ ውስጥ ይገኛሉ፤ ሞሪትዝ ሆል የተባለው የፖላንድ ተወላጅም አብሯቸው ነበር። መድፍ ለመሥራት የመጣ ሚስዮናዊ አልነበረም። ንጉሡ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሉ። አንችልም ቢሉም አልተለቀቁም፤ ምድጃው እየከሸፈባቸው፣ እየሞከሩ ተማሩ። በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለውን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ትልቅ መድፍ አወጡ። ያ መድፍ መንገድ እየተቀደደለት በብዙ ሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ መድፉ አላዳናቸውም። ከዚህ የወሰድነው ትምህርት አለ። ባለሙያ ወደ ጦር መሣሪያ ሥራ የሚገባው ሁልጊዜ ልቡ ፈቅዶ አይደለም፤ አንዳንዴ «አልሠራም» የማለት መብት ስለሌለው ነው።

ሦስተኛው ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። ከዚህ ቆላ ሆነን ቀና ስንል ከምናያቸው ተራሮች አንዱ ላይ አንኮበር አለች። አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊዘርላንድ ኢንጂነር ዙሪክ ተምሮ በ1871 ዓ.ም. ግድም ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር ወደ ንጉሥ ምኒልክ መጣ። መጀመሪያ የታዘዘው ጫማ እንዲሠራ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ነበር ይባላል። ኢልግ ግን እዚያ አልቀረም። በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፣ ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ አስገባ፣ በኋላም የጂቡቲን የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ያገኘው እሱ ነው። ጠመንጃ የሚያውቅ እጅ ውሃም ማምጣት ይችላል። ነገር ግን ውሃ እንዲያመጣ የሚያዘውና የሚከፍለው ሰው ያስፈልገዋል።

አራተኛው ከእናንተ ቤት የሚገኝ ዕቃ ታሪክ ነው። ስንቶቻችን ነን ሲንጀር የስፌት መኪና ያለን? ይህ ሲንጀር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ዓመታት ለጦር ሠራዊቱ 500 ሽጉጥ ሠርቶ አስረክቧል። ስፌት መኪና የሚሠራ ፋብሪካ ጥቃቅን ብረት በትክክል መቁረጥ ስለሚያውቅ ነው የተመረጠው። ከዚያ በኋላ መሣሪያ የሚያነጣጥሩ ረቂቅ መሣሪያዎችን እንዲሠራ ተደረገ፤ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ስፌት መኪና ማምረቱም ቆመ። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ኢንጂነሮቹ ወደ መርፌና ክራቸው ተመለሱ። መመለስ እንዲቻል የተመለሱበት ሥራ መኖር ነበረበት። ገበያ ነበረ፤ ስፌት መኪና የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ።

አምስተኛው ደግሞ ስሙን ሕፃናት ሳይቀሩ የሚያውቁት ሰው ነው። ሚኻኢል ካላሽኒኮቭ የገበሬ ልጅ ነበር። ወጣት ሆኖ በባቡር ጣቢያ ዴፖ ይሠራ ነበር። በ1938 እ.ኤ.አ. ለውትድርና ተመለመለ፣ በ1941 ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መሣሪያ መንደፍ ጀመረ። ከዚያ የመጣውን እናውቀዋለን፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሰውየው በስተርጅና ጀርመን አገር ሄዶ ሳለ፣ ከዚህ ይልቅ ለገበሬ የሚጠቅም መኪና፣ ሣር ማጨጃም ቢሆን፣ ፈልስፌ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ብሏል። ከመሞቱ ቀደም ብሎም ለሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ደብዳቤ ጽፎ፣ በመሣሪያዬ ለሞቱት ሰዎች እኔ ተጠያቂ እሆን ይሆን እያልሁ ነፍሴ ትጨነቃለች ብሏል። አገሩን ከወራሪ ለመከላከል የጀመረው ሰው ነው። መሣሪያው ግን ከሠራው ሰው እጅ ከወጣ በኋላ የማን እንደሚሆን አይጠይቅም።

አሁን ወደ አገራችንና ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችሁም ሜቴክ በሚለው ስሙ የምታውቁት፣ በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። በሥሩ የገቡት የመሣሪያ ፋብሪካዎች ብቻ አልነበሩም። ከጋፋት፣ ከሆሚቾና ከደጀን አቪዬሽን ጎን የናዝሬቱ ትራክተር መገጣጠሚያና የአቃቂው የመለዋወጫ ፋብሪካም ገቡ። ትራክተር ሲገጣጥም የኖረ ኢንጂነር ሥራውን ሳይለቅ፣ ወንበሩን እንኳ ሳይቀይር፣ ጄኔራሎች በሚመሩት ድርጅት ውስጥ ራሱን አገኘ። ስለዚህ ልጅ ወደ መከላከያ የሚገባው ሁልጊዜ ማመልከቻ አስገብቶ አይደለም፤ መከላከያውም ወደ እሱ ሊመጣ ይችላል።

ሜቴክ በጎ ነገር አልሠራም አንልም። አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ የቢሾፍቱን አውቶቡስ ተሳፍሯል። ብዙ ወጣት ኢንጂነር በእጁ ብረት ነክቶ የተማረው እዚያ ነው። ነገር ግን የስኳር ፋብሪካ፣ የማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የብረትና የኤሌክትሪክ ሥራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሸከመ። ሥራው ተጓተተ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የግድቡ ሥራ ተወሰደበት። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን አስታወቀ፤ ኃላፊዎች ተያዙ። በኋላም ድርጅቱ ለሁለት ተከፈለ፤ የመሣሪያው ክፍል ወደ መከላከያ ሄደ፣ የሲቪሉ ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ሆነ። ግድቡ በሌሎች እጅ ተጠናቅቆ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እኛ የምናስበው ግን በመካከል ስለነበሩት ወጣቶች ነው። ጨረታ አላወጡም፣ ውል አልፈረሙም፤ ብረት ለክተው ቆርጠዋል። ሆኖም ሥራ ፍለጋ ሲወጡ «የት ነበርክ?» ተብለው የድርጅቱን ስም ተሸክመው ነው የዞሩት። የሠሩት ሥራ ምስጢር ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚችሉ በወረቀት ማሳየት አይችሉም።

ዛሬም በሩ እየሰፋ ነው። በ2017 ዓ.ም. ስካይዊን የተባለ የድሮን ፋብሪካ ተመርቋል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሜካኒካል፣ የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ምሩቅ ያስፈልጋል። ልጆቻችን ደግሞ የተማሩት ይኸንኑ ነው። የልብስ ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ግንባታ ሲቆም፣ የመንገድ ፕሮጀክት በጸጥታ ምክንያት ሲቋረጥ፣ ደመወዝ ሳያቋርጥ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ልጆቹ ያውቁታል። ያው ጦርነት ከአንዱ ፋብሪካ አስወጥቷቸው በሌላው በር ያስገባቸዋል። እኛ እናቶች ይህንን ሳናይ ልጅ ብቻ ብንወቅስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

እህቶቻችን፣ አሁን የሚከብደንን እንናገር።

ይህን ሁሉ ጠይቀን ከተመለስን በኋላ ልጅቱን ጠራናት። እናቷም ነበረች። አንዲት እትዬ፣ «ልጄ፣ የተማርሽው ለዚህ ነው? እዚሁ አገርሽ ላይ የሚሠራ ጠፍቶ ነው?» አለቻት። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ቆየች። ከዚያም፣ «እትዬ፣ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። በእነዚህ ወሮች ስንት የውሃ ፓምፕ እንደጠገንሁ ታውቂያለሽ? የአንቺንም ጠግኜልሻለሁ። የማኅበሩንም ሁለት ጊዜ ጠግኛለሁ። ኩሽኔታውን በራሴ ብር ገዝቼ ነው የቀየርሁት። ምሳ አብልታችሁኛል፣ መርቃችሁኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ግን አንድ ሰው እንኳ ስንት ነው ዋጋሽ አላለኝም» አለች።

ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። እውነቷን ነበር። የማኅበራችን የመስኖ ማሳ ላይ ያለው ፓምፕ በዚያ በጋ ማሾውና ሽንኩርቱ ሊደርቅ ሲል የተነሣው በእሷ እጅ ነው። ከሮቢ ወንዝ ውሃ ስቦ ያወጣው ያ ሞተር ባይነሣ ኖሮ በዚህ ሪፖርት ላይ የምታዩት የሽያጭ ገንዘብ አይኖርም ነበር። ከዚያ በፊት ሲበላሽ ከደብረ ብርሃን መካኒክ አስመጥተን አበሉንም፣ ትራንስፖርቱንም፣ የእጁንም ከፍለናል። ለእሱ ስንከፍል ደረሰኝ ቆርጠናል። የእኛው ልጅ ስትሠራው ግን «የቤት ልጅ» አልናት። ቀጥቃጩን ማዕድ እንዳላቀረብነው ሁሉ፣ እሷን ማዕድ አቅርበን ዋጋዋን ነፈግናት።

ልጅቱ ሄደች። እናቷ መረቀቻት። ይህንን ሳንሸሽግ እንነግራችኋለን፤ ለደጋፊዎቻችንም በተለይ። ከሁለት ወር በኋላ ከብድሩ የመጀመሪያው ክፍያ ከአዲሱ ደመወዟ መጣ። ገንዘብ ያዣችን ብሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ መዝገቡን ሳትከፍት ቆየች። ያቺ በጦርነቱ ልጅ አዝላ የሮጠችው እህታችን አጠገቧ ነበረች። ሁላችንም እሷን አየናት። እሷም፣ «ጻፊው። ልጅቱ የእኛ ናት፤ ብሩም የላቧ ነው። ሌላ በር ያልከፈትንላት እኛ ነን» አለች። ተጻፈ።

ከዚህ በመነሣት ኮሚቴው ሦስት ነገር ይዞ ቀርቧል፤ ጉባኤው ተወያይቶ ይወስን።

አንደኛ፣ ማኅበሩ አንድ ልጅ የት እንደሚቀጠር አይወስንም። በብድራችን የተማረ ልጅ መከላከያ ገባ ተብሎ እናቱ አትወቀስም፣ አልገባም ያለም አይገደድም። ወታደር ልጅ ያላት እናትና ልጇን በጦርነት ያጣች እናት በአንድ ማኅበር አንድ ሲኒ የምንጠጣ ነን። ይህ እንዲፈርስ አንፈልግም።

ሁለተኛ፣ ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ ሲያገኝ ከመፈረሙ በፊት ወላጅ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ እነዚህን ይጠይቅ። ቅጥሩ በሲቪል ነው በወታደር ማዕረግ? ውሉ ስንት ዓመት ያስራል? ከዚያ በፊት መውጣት ቢፈልግ ምን ይከፍላል? ሲወጣ የሠራውን የሚመሰክር ወረቀት ያገኛል? ሴት ከሆነች ስታገባና ስትወልድ ሥራዋ ይጠበቅላታል? ከቦታ ቦታ ትዛወራለች? የመጨረሻውና ዋናው ደግሞ፣ የሚሠራው ነገር ምንድን ነው፣ ልጁስ ለእናቱ ዓይን ዓይኗን እያየ ሊነግራት ይችላል? ምስጢር ስለሆነ ዝርዝሩን ባይነግራትም፣ በልቡ መልስ ይኑረው። ካላሽኒኮቭ ይህንን ጥያቄ ራሱን የጠየቀው ዘጠና ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ልጆቻችን በሃያዎቹ ይጠይቁት።

ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችንም የምናቀርበው ልመና ይኸው ነው፤ የጥገና ቤት እንክፈት። እስካሁን የሰጣችሁን የስፌት መኪናና የውሃ ፓምፕ ብዙ ጠቅሞናል። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ ከተሰጡን ፓምፖች ከፊሎቹ ቆመዋል። የሚጎድላቸው ትንሽ ነገር ነው፤ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ፣ የተበላ ዘንግ። ዘንጉን ለመግረዝ ቶርኖ ቤት ፍለጋ ተራራውን ወጥተን ደብረ ብርሃን እንሄዳለን፤ እስክንመለስ ማሳው ይደርቃል። አንድ ቶርኖ፣ አንድ የብየዳ መኪና፣ የመለኪያና የመፍቻ ዕቃ፣ የመለዋወጫ መደርደሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለአንድ ኢንጂነርና ለሁለት ረዳት ቴክኒሻን የሁለት ዓመት ደመወዝ ብናገኝ፣ ከዚያ በኋላ በራሱ ገቢ ይቆማል ብለን እናምናለን። ፓምፕ ብቻ ሳይሆን ወፍጮ፣ የማሾ መውቂያ፣ የአምቡላንስና የትምህርት ቤት ጀኔሬተር ሁሉ ሠሪ ይፈልጋል። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ፓምፕ ከመላካችሁ በፊት የቆመውን የሚያስነሣ ሰው ደመወዝ ላኩልን።

እኛም በበኩላችን ዛሬ የምንገባው ቃል አለ። ከዛሬ ጀምሮ በማኅበሩ ውስጥ የሚሠራ የጥገና ሥራ ዋጋው ይጻፋል፣ ይከፈላል። ልጃችን ናት፣ የጎረቤት ልጅ ነው ተብሎ በምርቃት የሚታለፍ የለም። ምርቃቱ ይቀጥላል፤ ዋጋው ላይ ይጨመራል እንጂ ዋጋውን አይተካም። ለዚያች ልጅም ሁለቱን ጊዜ ለጠገነችው የማኅበሩ ፓምፕ የእጅ ዋጋዋና የኩሽኔታው ገንዘብ ታስቦ፣ ከእናቷ ቀሪ ብድር ላይ እንዲቀነስ ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቧል። ዘግይቷል፤ ግን ይገባታል።

ይህ የጥገና ቤት ተከፍቶ ልጆቻችን ሁሉ ከመከላከያ ይመለሳሉ ብለን አናታልላችሁም። አገር መጠበቅ አለባት፣ የሚጠብቃትም ሰው መሣሪያ ይፈልጋል፤ ይህንን የምታውቅ እናት ከመካከላችን አለች። የምንለው አንድ ነው። ልጅ ሁለት በር ተከፍቶለት አንዱን ሲመርጥ ምርጫ ነው። አንድ በር ብቻ ሲኖር ግን ምርጫ አይባልም።

ያቺ ልጅ ባለፈው በዓል ለሦስት ቀን መጥታ ነበር። መሸት ሲል ወደ ማሳው ወርዳ የማኅበሩን ፓምፕ አስነሥታ ድምፁን ስታዳምጥ አገኘናት። «ይቺ ኩሽኔታ እስከ ግንቦት አታደርሳችሁም» አለችን። «እስከዚያ ትመጫለሽ?» አልናት። ፈገግ ብላ፣ «ደረሰኝ ካላችሁ» አለችን።

 ለአገራችን ሰላም፣ ለቆላችን ዝናብ፣ ለልጆቻችን ሥራ ያውርድልን። አሁን መድረኩ ለውይይት ክፍት ነው።